ለልጆች ንባብ ክበባችን አባላት፦ ስለ ቀጣዩ መጽሐፍ

ውድ አባላት፣

ለሁለተኛ ሳይክል ልጆቻችን የምናነበው የምስጢር ልብ ወለድ የኤሪክ ኬስትነር «ኤሚልና መርማሪዎቹ» እንዲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣ የጀርመን መጽሐፍ ነው። ኤሚል ብቻውን በባቡር ወደ በርሊን ሲሄድ እናቱ ለፍታ ያጠራቀመችው 140 ማርክ ይሰረቅበታል። በሰፈሩ ሐውልት ላይ ቀለም ስለቀባ ፖሊስ ይፈራል፤ ስለዚህ የበርሊን ልጆች ተባብረው ሌባውን ይከታተሉለታል።

ግድያ የለበትም፤ ልብ ግን ያንጠለጥላል። ደግሞም ፍንጩን ከአንባቢው አይደብቅም። ኤሚል ገንዘቡን ከኮቱ ገበር ጋር በስፒል ሲያያይዘው ገና በጉዞው መጀመሪያ እናያለን፤ በኋላ የገንዘቡን ባለቤት የሚመሰክረው ስፒሉ የተወው ቀዳዳ ነው። (ይህን እባካችሁ ለልጆቹ አስቀድማችሁ አትንገሩ!) መርማሪው መልሱን ድንገት ከኪሱ የሚያወጣባቸውን መጻሕፍት አልወድም፤ ልጁ የማሰብ ዕድሉን ይነጠቃል።

ሌባው ከመያዙ በፊት ንባቡን አቁመን «ኤሚል ገንዘቡ የእሱ መሆኑን እንዴት ያረጋግጣል?» ብለን ግምታቸውን እናስጽፋቸው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ለሚከብዳቸው የአምስተኛ ክፍል ልጆች ወላጆች በየምዕራፉ እየተረጎማችሁ ብታነቡላቸው ደስ ይለኛል። የተለየ ምርጫ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ አሳውቁኝ።