የአማርኛ ጽሑፋችሁ ጨዋታውን እያበላሸብን ነው

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የሰርቫይቨር ሳውዝ አፍሪካ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጆሃንስበርግ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» ተብያለሁ። ከዚያ በኋላ የደወለልኝ የለም። ስለዚህ ነገሩን ከነዝርዝሩ በጽሑፍ ላቅርበው ብዬ ነው።

ተጨማሪውን የቴሌቪዥን ጥቅል የገዛሁት ለእናቴ ስል ነው። የልጅ ልጆቿን ለማየት ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ናት። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ አማርኛ ግን በደንብ ታነባለች። «ሰርቫይቨር ሳውዝ አፍሪካ በአማርኛ ጽሑፍ» የሚለውን ማስታወቂያችሁን ያየሁ ዕለት ሳላመነታ ከፈልኩ። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ፕሮግራሙን እወደዋለሁ። ተወዳዳሪዎች ራቅ ያለ ቦታ እየኖሩ፣ በድምጽ አንዱ ሌላውን እያባረሩ አንድ አሸናፊ እስኪቀር የሚፋለሙበት ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ውድድር ብዙ አገሮች ገብቷል፤ የደቡብ አፍሪካው ደግሞ በ2006 ፓናማ ላይ ጀመረ። ከዚያ ማሌዥያ፣ ኋላም ፊሊፒንስና ሳሞአ ሄደዋል። በ2021 የወጣው «ኢሚዩኒቲ አይላንድ» ግን ለእኔ ይለያል። በኮሮና ምክንያት ውጭ አገር መሄድ ስላልተቻለ እዚሁ ኢስተርን ኬፕ፣ ዋይልድ ኮስት ላይ ተቀረጸ። ሃያ ሰው፣ ቩናና ዛምባ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች ተከፍሎ፣ ለአንድ ሚሊዮን ራንድ ሲፋለም በራሱ አገር የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እናቴም የምታርፍበትን አገር በዚያ ታየዋለች ብዬ ከዚህ ሲዝን ጀመርን።

መጀመሪያው ቀን ላይ ነው ችግሩ የታየው። በጨዋታው «ኢሚዩኒቲ» ማለት በድምጽ ከመባረር የሚያድን ከለላ ነው፤ እናንተ ግን «በሽታ የመከላከል አቅም» ብላችሁ ተርጉማችሁታል። ደሴቱ ደግሞ «የበሽታ መከላከያ ደሴት» ሆነ። በኮሮና ጊዜ የተቀረጸ መሆኑን አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር እናቴ ሁሉንም ነገር በዚያው ተረዳችው። ወደ ደሴቱ የሚላከው ሰው የታመመ መሰላት። «ምስኪን፣ ለይተው አስቀመጡት? የሚያስታምመው ሰው አለ?» አለችኝ። ሰውየው የሄደው ግን ሊጫወት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ከመባረር የሚያድነውን ከለላ ለማግኘት ድምጹን አስይዞ ሊወራረድ ይችላል። የሲዝኑ ስም የወጣው ከዚህ ነው። ይህን ያልተረዳ ተመልካች ሲዝኑን አልተረዳውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ጫካ ውስጥ ደብቀው የሚያስቀምጡትን የከለላ ምልክት «ጣዖት» ብላችሁታል። እንግሊዝኛው «አይዶል» ስለሚል ከመዝገበ ቃላት ያገኛችሁትን መውሰዳችሁ ይገባኛል። ግን አስቡት። እናቴ ጾም የማትስት ሰው ናት። ስክሪኑ ላይ «ጣዖቱን ካላገኘሁ አልድንም» የሚል ጽሑፍ ስታነብ አማተበች። «ልጆቹን ከዚህ ፊት አንሺልኝ» ብላ ተነሳች። ነገሩ ከእንጨት ወይም ከዶቃ የተሠራ የጨዋታ ዕቃ መሆኑን፣ ማንም እንደማይሰግድለት ለማስረዳት አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ። «የተደበቀ ከለላ» ብትሉት ይበቃል። አጭር ነው፤ ማንንም አያስቀይምም፤ ሥራውንም በትክክል ይናገራል።

«ትራይብ» ሁሉ «ጎሳ» መባሉም ለእኛ ለአበሾች ከባድ ነው። «ጎሳው ድምጽ ሰጥቶ አባረረው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእኛ ዘንድ ጨዋታ ሆኖ አይነበብም። «ቡድን» የሚል ቃል እያለ ለምን?

«ብላይንድሳይድ» የሚለውን ደግሞ «ዓይነ ስውር ጎን» ብላችሁታል። አንዷ ተወዳዳሪ ደስ ብሏት ስትስቅ ከሥሯ «ዓይነ ስውር ጎን አደረግነው» ይላል። ይህ አማርኛ አይደለም። ሰው ሳይጠረጥር፣ ጓደኞቼ ናቸው ያላቸው ሰዎች ድምጽ ሰጥተው ሲሸኙት እኛ «ጉድ ሠራነው» ነው የምንለው። «አሊያንስ»ን፣ አብረው ድምጽ ለመስጠት የተስማሙትን ተወዳዳሪዎች ማለት ነው፣ «ግንባር» ብሎ የተረጎመውን ሰው ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ቃሉን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቀሪውንም እሱ ቢሠራው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ትርጉሙን እንኳ ለምደን መቀጠል እንችል ይሆናል። የማይለመደው የጽሑፉ ሰዓት ነው።

የሰርቫይቨር ልብ ያለው የክፍሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም ችቦውን ይዞ ይመጣል። ይነጋገራሉ፣ ይዋሻሉ፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ከዚያ እየተነሱ ድምጽ ይሰጣሉ። አቅራቢው ኒኮ ፓናዮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ይገልጣል፣ ስሙን ያነባል። ድምጹ እኩል ለእኩል ሆኖ አንድ ወረቀት ሲቀር ቤት ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። የእናንተ ጽሑፍ ግን ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይቀድማል። ኒኮ ወረቀቱን ገና ሳያዞረው ስሙ በአማርኛ ከታች ተጽፎ ቁጭ ይላል። አንድ ጊዜ ቢሆን ስህተት እለው ነበር። ያየነው በስምንት ተከታታይ ክፍሎች ነው።

አሁን ልጄ መላ አግኝታለች። ወረቀቱ መነበብ ሲጀምር ትነሳና የአያቷን ነጠላ የቴሌቪዥኑ ግርጌ ላይ ዘርግታ ትይዛለች። እኛ በእንግሊዝኛው እንሰማለን። እናቴ ግን ያን ጊዜ ምንም የምታነበው የላትም። ፊታችንን እያየች «ማን ሆነ? ማን ወጣ?» ትላለች። ለእሷ ብዬ የከፈልኩበት ጽሑፍ፣ ዋናው ሰዓት ላይ እሷኑ ውጭ ያስቀራታል። በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

በስልክ ያነጋገረኝ ሠራተኛ «ፕሮግራሙ እኮ የ2021 ነው፤ ውጤቱ የታወቀ ነው» አለኝ። በትሕትና ነው የነገረኝ፣ አልተቀየምኩትም። ግን አልስማማም። እናቴ አታውቀውም። ልጆቼም አያውቁትም። ማን እንዳሸነፈ እኔም እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ገና አላየው ይሆናል። ይህ ውድድር በሩጫና በዋና ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሰው ሰውን በቃል የሚያሳምንበት፣ በቃል የሚከዳበት ጨዋታ ነው። ቃሉ ከተበላሸና ምስጢሩ ቀድሞ ከወጣ የሚቀረው ባሕር ዳር የተራበ ሰው ማየት ብቻ ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይመስለኝም። በመጀመሪያ የጽሑፉን ሰዓት አስተካክሉ፤ ይህ የቴክኒክ ሥራ ነው፣ ተርጓሚ አይፈልግም። ከላይ የጠቀስኳቸውን ቃላት ፕሮግራሙን በሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ አሳርሙ። ማስታወቂያችሁ ቃል የገባውን ስላላገኘሁ የከፈልኩት የሁለት ወር የተጨማሪ ጥቅል ሂሳብ ይመለስልኝ። ክፍያው ከማመልከቻዬ ጋር በተያያዘው ደረሰኝ ላይ ይታያል። ስህተቶቹ ያሉባቸውን ክፍሎችና ደቂቃዎች ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ።

እናቴ ለፋሲካ ወደ አገሯ ትመለሳለች። አራት ክፍል ቀርቶናል፤ እስክትመልሱልኝ አቁመነዋል። ከመሄዷ በፊት የመጨረሻዋን ወረቀት ራሷ እንድታነብ እፈልጋለሁ።

መልሳችሁን በአስር ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ጆሃንስበርግ