ሞዴሉን ቤት ጎረቤትም መሥራት ይቻለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ገጠር ኮሪደር ልማትና በእሱ ስለሚሠሩት ሞዴል ቤቶች የምታወጧቸውን ዘገባዎች በደስታ እከታተላለሁ። ሰውና ከብት ተለያይተው ማደራቸው፣ ማድ ቤቱ ከመኝታው መለየቱ፣ መጸዳጃ ቤት መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ ሲጠጡ ኖረዋል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ አጣለሁ። ቤቱ ስንት ብር ፈጀ? አጠገቡ ያለው ገበሬስ ድጋፍ ሳይጠብቅ፣ በራሱ አቅምና በደቦ ሊሠራው ይችላል? ሞዴል ያልነው ሌላው እንዲቀዳው አይደለም እንዴ? ጎረቤት ቆሞ አይቶት የሚመለስ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ስጦታ ነው፤ ለመንደሩ ግን መልስ አይሆንም።

የምተዳደረው በግንባታ ሥራ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ሲሚንቶ፣ ብረትና ብሎኬት ከከተማ ተጭኖ ገጠር እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ክረምት ላይ መንገዱ ከተበላሸ ጭራሽ አይደርስም። አፈሩና ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ደጋ ላይ ቀርከሃም አለ።

ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ተብሎ መናቁ ያሳዝነኛል። ችግሩ የሚጀምረው ከሥር ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ እርጥበት ያገኘዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። ከዚያ ግድግዳው ያዘነብላል። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ቢኖረውና የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ብሎ ዝናቡን ቢከልልለት ያው ጭቃ ብዙ ዓመት ይቆማል። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ የተቀላቀለበት፣ በእጅ ማሽን የሚጨመቅ የአፈር ብሎኬት አለ። በእሳት አይተኮስም፤ ስለዚህ ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ የለም። የሰፈሩ ወጣቶች ሠልጥነው ራሳቸው ቢያመርቱት ገንዘቡ እዚያው መንደር ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ውሃው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 40,000 ሊትር ይቀበላል። የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ብዙ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ግድግዳው ሥር ይደፋዋል። መሠረቱም ይሸረሸራል፣ በጋ ሲመጣ ልጅቷም ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። ሁሉን ውሃ ማጠራቀም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ሮቶ ውድ ነው። ግን ጥቂት ቤቶች ተጋርተው አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ሊኖራቸው ይችላል። በአማራ ክልል፣ ጣና ሐይቅ አካባቢ ባለችው ቡራ የታሰበው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ቤተሰቦች በአንድ ሰፊ ጣሪያ ሥር እንዲኖሩ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብም ለጋራ እንዲጠራቀም።

ለሞዴል ቤቶቹ የሚተከለው፣ ከእበት ጋዝ የሚያወጣው ባዮጋዝም ያለ ውሃ አይሠራም። 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ የእበት ማብላያ ጉድጓድ አራት ያህል ከብት ይፈልጋል። በየቀኑ የሚጨመረው እበት ደግሞ በልኩ ውሃ መበጥበጥ አለበት። ባለፉት ዓመታት በየገጠሩ ከተሠሩት ማብላያዎች ብዙዎቹ ሥራ ያቆሙት በውሃ እጥረትና ጠጋኝ ባለሙያ በመጥፋቱ ነው። ውሃ ሳይታሰብ ባዮጋዝ መትከል ልፋት ማባከን ነው።

በነገራችን ላይ፣ የጉራጌ መንደሮች ጀፎረ አላቸው። ቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ ነው። ልጅ ይጫወትበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይደረግበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። አዲሱ ሥራ ሲመጣ አጥር እንዳይገባበት፣ ኮንክሪትም እንዳይፈስበት አደራ እላለሁ። ይህን የመሰለ የመንደር ፕላን አባቶቻችን ሠርተው አስረክበውናል።

የክልሉን ኃላፊዎች የምጠይቀው የእያንዳንዱ ሞዴል ቤት ወጪ፣ ቁሱም የእጅ ዋጋውም ተዘርዝሮ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ ነው። እናንተን ደግሞ፣ ከምረቃው በኋላ አንድ ክረምት አሳልፋችሁ ወደነዚያው ቤቶች ጋዜጠኛ ላኩ። ባዮጋዙ ይነዳል ወይ? ግድግዳው ውሃ አላስገባም ወይ? ከጎረቤት እንዲህ ያለ ቤት የጀመረ አለ ወይ? ባለቤቶቹን ጠይቁና መልሳቸውን አስነብቡን።

አክባሪያችሁ አንባቢ
ከወልቂጤ