የአያቴ መነጥር

ለምወድህ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፍራንክፈርት መብረድ ጀምሯል፤ ልጄ ግን ኮት አለብስም ብሎ ያስቸግረኛል።

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጥር ተሠራልህ። የሠራልኝ ሰውዬ በዕድሜ ካንተ ብዙም አያንስም። ገና ሳይፈታው በአጉሊ መነጽር ጽሑፉን አነበበና "የማን ነው?" አለኝ። እኔም የለመድነውን ወሬ ለቀቅኩት። አያቴ አርበኛ ነበር፣ ከጣሊያን መኮንን አንገት ላይ የማረከው የጀርመን መነጥር ነው አልኩት። ሽማግሌው ሳቀ። በክፋት አይደለም።

ጣቱን በመነጥሩ የግራ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ያ የሌንስ ቅርጽ ያለው ምልክት አለ አይደል፣ "ካርል ሳይስ የና" የሚለው፣ የና ከተማ ያለው የሳይስ ፋብሪካ ስም? ከሥሩ ሦስት ፊደል አለ፤ ዲ ዲ አር። ስንት ዓመት ሳየው አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ምሥራቅ ጀርመን ማለት ነው። ያ አገር ደግሞ የተመሠረተው በእኛ መስከረም 27 ቀን 1942 ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። አያቴ ታዲያ ከማን ማረከው?

በቀኙ ትከሻ ላይ "የኖፕተም 8×30 ደብሊው" ይላል። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 30 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር፣ ደብሊው ደግሞ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ መሆኑን ይናገራል። የሂትለር ጦር መነጥር ቢሆን ኖሮ "ዲንስትግላስ" የሚል ነበር የሚጻፍበት፤ የአገልግሎት መነጥር እንደማለት። ጦርነቱ ከገፋ በኋላማ የፋብሪካውን ስም ትተው በሦስት ትንንሽ ፊደል ይተኩት ነበር። ቢ ኤል ሲ ከሆነ የናው ሳይስ ነው፤ ቢ ኢ ኤች የቬትስላሩ ላይትስ፤ ሲ ኤ ጂ የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ። ጠላት ፋብሪካውን እንዳያውቅ ነው።

ንስርና ስዋስቲካ ቢኖርበትስ አልኩት። ይባስ ተጠንቀቂ አለኝ። ዋጋ እንዲያወጣላቸው ተራውን መነጥር ወስደው ንስር የሚቀርጹበት ሻጮች ሞልተዋል። አየህ፣ መርካቶ ብቻ አይደለም።

የሌንሱን ሰማያዊ ወዝም አሳየኝ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ነው። የሳይስ ሰው የነበረው ስማኩላ በፈረንጆቹ 1935 የፈለሰፈው ሲሆን በጦርነቱ ጊዜ በምስጢር ይያዝ ነበር። በመጨረሻዎቹ የየና ሥራዎች ላይ ቅቡ ብዙ ድርብ መሆኑ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ያንተ ላይ ይሄ የለም።

ከዚያ ፈታው። ፕሪዝሙ ላይ፣ ማለት ብርሃኑን በሚያጥፈው የውስጥ ብርጭቆ ላይ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ወጥቶበታል። ግራሱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። አንዱ ፕሪዝም ከቦታው ተንሸራቷል፤ "ሁለት ሁለት ያሳየኛል" ትል የነበረው ለዚህ ነው። "አንድ ጊዜ ወድቋል" አለ ሽማግሌው። አባዬ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። ከቁምሳጥኑ ላይ። የተገረፈው ግን ወንድሜ ነው፤ እስከዛሬ አልነገርኩህም።

እንግዲህ የኔን ከነገርኩህ ያንተን ልጠይቅህ።

ግንቦት 1983 ትዝ ይለኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። እማዬ መነጥሩን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ስትቀብረው አይቻለሁ። ዩኒፎርምህን ጓሮ ስታቃጥልም አይቻለሁ። አንተ እኔንና ወንድሜን ጠርተህ "ማንም ቢጠይቃችሁ የአያታችን ነው በሉ" አልከን። አልን። ፈታሾቹ መጥተው ሄዱ፣ ዓመታት አለፉ፣ እኛ ግን ማለታችንን አልተውንም። አርበኛው በኋላ የተጨመረ ይመስለኛል። ጣሊያኑን መኮንን የጨመረው ወንድሜ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

እዚህ አገር ያነበብኩትን ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1977 የቡና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ምሥራቅ ጀርመኖች ቡና የሚገዙበት ዶላር አጠራቸው። ከኛ መንግሥት ጋር ተዋዋሉና ቡና እየወሰዱ መሣሪያና ካሚዮን ይሰጡ ጀመር። ያን ጊዜ አንተ ወታደር ነበርክ። መነጥሩ ከነሱ ሰው እጅ ነው የደረሰህ? ገዛኸው ወይስ ተሰጠህ? ዛሬ የሚፈትሽ የለም፤ በስልክ ካልተመቸህ ለወንድሜ ንገረውና እሱ ይጻፍልኝ።

ሰውዬው ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር አስተያይቶ ዓመቱን ሊያጠብልኝ ፈልጎ ነበር። ተወው አልኩት። ካንተ ብሰማው ይሻለኛል።

ለገና ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ልጄ በረንዳ ላይ ሆኖ እርግብ ያይበታል። ትናንት ጎረቤት "የማን ነው?" ብትለው "የአያቴ ነው" አላት። ማንም ሳያስጠናው።

ልጅህ