ውጭ አገር ጌም ልማት ለመማር ለምታመለክቱ አባላት

ውድ አባላት፣

ከልጅነት ጀምሮ ኮምፒውተር መነካካታችሁ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቻችሁን ስብስብ፣ የሚመዝን መምህር ግን የሚሠራ ጌም ማየት ይፈልጋል። ከአምስት ጅምር አንድ ያለቀ ትንሽ ጌም ይሻላል። በቡድን የተሠራ ከሆነ የትኛው ኮድ የእናንተ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንቅስቃሴው ነው። ገጸ ባሕሪው በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው በሚታዩት ምስሎች በእያንዳንዱ) 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) እንዲሄድ ከጻፋችሁ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲታይ 300 ፒክስል ይጓዛል፤ 144 ፍሬም በሚያሳይ ስክሪን ላይ ግን 720! ጌሙን መጫወት አይቻልም። ስለዚህ ፍጥነቱን በሰከንድ ወስኑና ያለፈው ፍሬም በወሰደው ጊዜ፣ ማለትም በዴልታ ታይም፣ አባዙት።

ከመላካችሁ በፊት ጎዶት ወይም ዩኒቲን የመሰለ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፤ የጎደለ ፋይል ካለ እዚያ ይታወቃል።