ኮምፒውተራቸው በወርክሾፓችን ለቆየባቸው ደንበኞቻችን በሙሉ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ባለፈው ጥቅምት ወር፣ ብዙዎቻችሁ ሒሳብ ዘግታችሁ የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ በምትጣደፉበት ሰዓት፣ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ሲያደርግ እየጠፋ ያስቸገራችሁን ኮምፒውተር አምጥታችሁ ሦስትና አራት ቀን፣ አንዳንዶቻችሁም ሳምንት ሙሉ እንድትጠብቁ ሆናችኋል። ቀድሞ በነጻ እናደርገው ለነበረው ምርመራ 600 ብር መጠየቃችንም ቅር እንዳሰኛችሁ ሰምተናል። መዘግየቱን አስቀድመን ባለማሳወቃችንና ስልክ በደወላችሁ ቁጥር «ነገ ይደርሳል» እየተባላችሁ በመመላለሳችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ በኩል ጥፋቱ የእኛ ነው።

ኮምፒውተሮቹን ለማቆየት የወሰንነው ግን አስበንበት ነው። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ሱቃችን ድረስ መጥተው፣ ሰው በተሰበሰበበት «ኮምፒውተሬን አገታችሁብኝ» ብለውኛል። ቃሉ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ይህን ደብዳቤ ለሠራተኞቼ ሳልተው ራሴ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ብልሽቱ በአብዛኞቻችሁ ዘንድ አንድ ዓይነት ነበር። ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የዋለ ኮምፒውተር፣ ማታ ባክአፑ ሲጀምር ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል ወይም ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ቅጂው የሚቀመጥበት ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ ሲነቀል ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው የባክአፕ ፕሮግራሙን ቢወቅስ አይፈረድበትም፤ ፕሮግራሙን የጫንንላችሁም እኛ ነን። እኛም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮምፒውተሮች ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደገና ጭነን መልሰን ነበር፤ ሁለቱም በሳምንታቸው ተመልሰው መጡ። ቁጭ ብለን ስንመረምር ግን በአብዛኞቹ ላይ ፕሮግራሙ ሕመሙን የገለጠ እንጂ ያመጣ አለመሆኑን ተረዳን። በዕለት ሥራ ከዲስኩ የሚነበበው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው፤ ባክአፕ ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ደካማ ኬብል፣ ያረጀ ዲስክ ወይም የተበላሸ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ካለ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በእጅ የሚያዘው ትንሹ ኤክስተርናል ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከተሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። የቆየው ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ሲሆን፣ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። በዴስክቶፑ የፊት ቀዳዳ፣ በረጅምና ቀጭን ኬብል ወይም ብዙ ዕቃ በተሰካበት የዩኤስቢ ማከፋፈያ ሲያያዝ ቮልቴጁ ይወርድና ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ይቋረጣል። የአንድ ፎቶ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ሙሉ ችግሩ ይኸው ሆኖ በመገኘቱ፣ አጭር ኬብል ሰጥተን ከኋላ ሰክተን ከምርመራው ሌላ ምንም ሳናስከፍል መልሰናል። በአንድ መድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከእኛ በኋላ ሌላ ሰው የጫነው ሁለተኛ የባክአፕ ፕሮግራም ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ተነሥተው በአንድ ዲስክ ላይ ይሻሙ ነበር። የከፋው የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ እዚያው ፋይል ላይ ደርሶ ይቆም የነበረው የፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራሙ) መረጃ ያለበት የውስጥ ዲስክ እየሞተ ስለነበረ ነው፤ ኤክስተርናሉ ምንም አላጠፋም።

እነዚህን ሦስቱን ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ዊንዶውስ ስሕተቶችን በቁጥር በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ላይ የሚታየው ቁጥር 41 ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም፤ እሱን ብቻ አይቶ ፓወር ሰፕላይ (የኮምፒውተሩን ኃይል ሰጪ) ማስቀየር ቀላል ነው፣ ሲደረግም አይተናል። ቁጥር 7 ካለ ዲስኩ የተበላሸ ቦታ አለው ማለት ነው፤ 153 ካለ የማንበብ ወይም የመጻፍ ትእዛዙ መልስ አጥቶ ተደግሟል። ከዚያ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘውን የስማርት መዝገብ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ራሙን እንፈትሻለን።

ይህን ሁሉ ከመንካታችን በፊት ግን በሁለቱም ዲስኮች፣ በውስጡና በኤክስተርናሉ፣ ላይ ያለውን መረጃ ወደ ራሳችን ዲስክ እንገለብጣለን። እናንተን ያስቆጣው የቀናት መዘግየት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ደህና የሆነ 1 ቴራባይት ዲስክ እንኳ በዩኤስቢ 2 ለመገልበጥ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የታመመ ዲስክ ሲሆን፣ መብራትም ሲቆራረጥ፣ ቀናት ይወስዳል።

ይህን ሥርዓት ያወጣሁበት ምክንያት አለኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ክፍል ነው። በ2003 ዓ.ም. አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች ያሉበትን ዲስክ አመጡልኝ። እኔም ሳልገለብጥ፣ እንዲጠግንልኝ ብዬ ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም) በሙሉ ፍተሻ አስነሥቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። እየሞተ ያለ ዲስክ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠው ፈጥኖ ያልቃል። ጠዋት ስመለስ ዲስኩ ቋ ቋ ከማለት በቀር የሚሰጠኝ ነገር አልነበረውም። እኒያ እናት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዲስኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ዲስክ ቅጂ ሳልይዝ አልጠግንም፤ ደንበኛ ቢቆጣም አልጠግንም።

ስለ 600 ብሩም እውነቱን ልንገራችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መረጃችሁን የምንገለብጥባቸው ዲስኮችም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የሱቅ ኪራዩም ጨምሯል። ሌሎች እንዳደረጉት ሠራተኛ ልቀንስ አልፈለግሁም፤ ልጆቹ ከእኔ ጋር ያደጉ ናቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምርመራውን በነጻ ያቆየነው ስለሚያዋጣን ሳይሆን፣ ከፒያሳዋ ክፍል ጀምሮ አብራችሁን ስለመጣችሁ ነው። ጥገናውን እኛ ዘንድ ካሠራችሁ 600 ብሩ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፤ ይህም በግልጽ ሊነገራችሁ ይገባ ነበር።

ኮምፒውተራችሁን ወስዳችሁ ሌላ ዘንድ ለማሠራት ካሰባችሁ መብታችሁ ነው፤ ቢከፋኝም አልቀየምም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ማንም ይሁን ማን «ፎርማት ይደረግ» (ዲስኩ ይጥፋና እንደ አዲስ ይዘጋጅ) ሲላችሁ፣ መረጃው መጀመሪያ መገልበጡን ሳታዩ እሺ አትበሉ። የገለበጥነውን ቅጂ ለሚፈልግ ሁሉ፣ ጥገናውን እኛ ዘንድ ባያሠራም፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንሰጣለን፤ ኮምፒውተሩን በተረከባችሁ በ30 ቀን ውስጥ ካልጠየቃችሁን ግን ከዲስካችን ላይ እናጠፋዋለን።

በአሁኑ ሰዓት በእጃችን የቀሩት ሰባት ኮምፒውተሮች ናቸው። አምስቱ ተጠናቀዋል፤ ሁለቱ ገና በመገልበጥ ላይ ስለሆኑ ለባለቤቶቻቸው ራሴ በየቀኑ ማታ እየደወልኩ የደረሰበትን እነግራለሁ። ለመረከብ ስትመጡ ኤክስተርናል ዲስኩ ከነኬብሉ በእናንተ ዘንድ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ሰክተን ባክአፑ እስከ መጨረሻው ሲሄድ አብረን አይተን እንድትወስዱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ