ውሃው አሸዋ ውስጥ ነው

ድሬዳዋ፣ ኅዳር መባቻ

ይድረስ ለምወድህ አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሳልመልስ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይቅር በለኝ። ከፋሲካ በኋላ ልጆቹን ይዘህ የባቢሌን ዝሆን ልታሳያቸው እንዳሰብክ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። በሚያዝያ አትምጣ አቦ። በጥር ና።

አንተ ባሮ ዳር ስለምትኖር ወንዝን የምታውቀው በሙላቱ ነው። ጀልባ የሚታሰርበት ቦታ ሄደህ ውሃው ዳርቻውን ስንት ክንድ እንደነካ ካየህ በቃህ። የባቢሌው ወንዝ ኤረር ግን በበጋ በብዙ ቦታው አሸዋ ነው። ውሃው ከአሸዋው በታች ይሄዳል፣ ዝሆኑም ያንን ያውቃል። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ሲጥል በየጫካው ኩሬ ይቋጠራል፤ ከብቱም አውሬውም ወንዝ ድረስ መውረድ አያስፈልገውም፤ ቁጥቋጦውም ስለሚለመልም በ20 እርምጃ የቆመ ዝሆን አይታይህም። በጥር ኩሬው ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ መጠጫው አንድና ሁለት ቦታ ላይ ይቀራል።

እነዚያን ቦታዎች እንዲህ ትለያቸዋለህ። ድንጋይ ወንዙን አግድም የሚያቋርጥበትን ፈልግ፤ ከአሸዋው ስር የሚወርደው ውሃ እዚያ ተገድቦ ከድንጋዩ በላይ በኩል ይጠራቀማል። ሾላ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የቆመበት የወንዝ ጥምዝም ጥሩ ምልክት ነው። ጠዋት በማለዳ ከሌላው የጠቆረ አሸዋ ካየህ በእጅህ ጫር አድርገው፤ ሻካራ ከሆነ ውሃ ይሰጣል፣ ጭቃ የተቀላቀለበት ከሆነ ይዞ አይለቅም። ዝሆኑ በፊት እግሩ ይቆፍርና በኩምቢው አሸዋውን ያወጣል። ጉድጓዱ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ከስሩ ውሃው ቀስ እያለ ስለሚመነጭ ኩምቢውን ሰዶ ይጠብቃል። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ስለሚችል ቶሎ አይሄድም። እሱ ሲነሳ ዝንጀሮው፣ ከርከሮው፣ ጅግራው በተራ ይመጣሉ። ታግሠህ ከተቀመጥክ አምባራይሌም ልታይ ትችላለህ። እኔን ከዝሆኑ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ወረፋ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ስንቱን ያጠጣል!

ጉድጓዱ አጠገብ ግን አትቀመጥ። ቢያንስ 100 ሜትር ራቅ ብለህ ከፍ ያለው ዳርቻ ላይ ሁን። ዋናው ነገር ነፋሱ ነው፤ ዝሆን ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው አያልፍህም። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ጠዋት በሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ በታች በኩል ትቀመጣለህ። ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው፣ ከረፋዱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋሱ ዞሮ ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል። ሳይዞር ተነስተህ ሂድ። በአሮጌ ካልሲ አመድ ይዘህ መታ መታ ስታደርገው ብናኙ የሚሄድበትን ታያለህ።

ዱካውን ለልጆቹ አሳያቸው። የፊት እግሩ ክብ ነው፣ የኋላው ሞላላ። የፊቱን ዙሪያ በገመድ ለክተህ እጥፍ ብታደርገው የዝሆኑን የትከሻ ቁመት በግምት ይሰጥሃል። ጠርዙ ስል ከሆነ ቅርብ ነው፤ ነፋስ ከናደው የቆየ ነው። ፋንድያውን በእንጨት ሰንጥቀው፤ ውስጡ ከሞቀ ተመለስ። የበለስ ቁልቋል ፍሬ በብዛት ብታይበት አትደነቅ፤ የባቢሌ ዝሆን ከነእሾሁ ይበላዋል።

ያለ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ስካውት (ጠባቂ) እግርህን እንዳታነሳ። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲከለል ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ እርሻውና ሰፈሩ ገብቶበታል፣ አደንም አለ። እነዚህ ዝሆኖች ሰው ያሳደዳቸው ናቸው። ሰው ሲሸታቸው ወይ ይሸሻሉ ወይ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ትንንሾቹን ልጆች ከመኪናው አታርቃቸው። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን ሲያወዛውዝ እየዛተ ነው፤ ሳትሮጥ፣ ፊትህን ሳታዞር ወደኋላ በል። ኩምቢውን አጥፎ ጆሮውን ወደኋላ ከለጠፈ ግን ዛቻው አልቆ ሊመጣብህ ነው፣ ያኔ ስካውቱ ያለህን ብቻ አድርግ።

አሸዋው ውስጥ አትደር፣ መኪናም አታቁም፤ በበጋም ቢሆን። የድሬዳዋውን ደቻቱ ወንዝ ታስታውሳለህ፤ በሐምሌ 1998 ሌሊት ከተማው ተኝቶ ሳለ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ አንተ የቆምክበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ኤረርም ከሐረር ዙሪያ ደጋ ስለሚመጣ ወደ ሰሜን ሰማዩ ከጠቆረ በቂ ምልክት ነው። ጭራሮና አረፋ የተሸከመው የመጀመሪያው ማዕበል ሲሰማህ ዕቃ አትሰብስብ፣ ወደ ዳገት ውጣ። የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ይገፋል፣ 60 ከደረሰ ፎር ዊሉንም ያንሳፍፋል። ጎርፉ ካለፈ በኋላም አሸዋው ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ይቦካል፤ በእግርህና በዱላ ሞክረህ ግባ። ደረቁን ስታቋርጥ የጎማህን አየር ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አውርድና ሳትቆም እለፍ፤ መሃል ላይ የቆመ መኪና ይሰጥማል። ስትወጣ የምትሞላበት ፓምፕ ያዝ።

አንድ ነገር፦ ሾፌሩ ኤረር ስትለው ከድሬዳዋ በምዕራብ ባቡር መንገዱ ላይ ያለችው ኤረር እንዳይመስለው። የአንተ መንገድ በሐረር አድርጎ ወደ ባቢሌ ነው።

የምትመጣበትን ሳምንት ቶሎ ጻፍልኝ። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆ መካከል ስለሚዘዋወሩ፣ በየትኛው በኩል እንዳሉ ከሁለት ቀን በፊት ስካውቶቹን ጠይቄ እነግርሃለሁ። መነጽሩን ለልጆቹ አንድ አንድ አድርገው፤ አንዱን ሲቀባበሉ ድምፅ ያወጣሉ።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ