የክር ሥራን ግድግዳ ላይ አትቸንክሩብን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁን ዘወትር አነባለሁ። ስለ ሥዕልና ስለ ሐውልት በሰፊው ትጽፋላችሁ፤ ከክርና ከጨርቅ ስለሚሠራ ቅርጻ ቅርጽ ግን አንብቤ አላውቅም።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ከተጣለ ክር፣ ካረጀ የዓሣ መረብና ከደንገል (ታንኳ ከሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) ሰው የሚገባባቸው ጎጆ መሳይ ሥራዎችን እሠራለሁ። በቅርቡ እዚሁ ባሕር ዳር በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ አንዱን እንዳቀርብ ተጋብዤ ነበር። ስደርስ አዘጋጆቹ ሥራዬን ጨፍልቀው ግድግዳ ላይ ቸንክረውት አገኘሁ። ክሩም ቀለሙም አለ፤ ውስጡ ግን ጠፍቷል። እኔ ደግሞ የደከምኩት ለውስጡ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ጣና ዳር ወርዶ ሸማኔ ወፍን መመልከት ይበቃል። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። የዘንባባ ወይም የሣር ቅጠል ገና እርጥብ ሳለ በምንቃሩ በቀጭኑ ይሰነጥቃል፤ የደረቀው ስለሚሰበር አይሆነውም። መጀመሪያ ከቅርንጫፉ ላይ አንድ ቀለበት ያበጃል። ከዚያ ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ፣ ከቦታው ሳይለቅ፣ ምንቃሩ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል። የክፍሉ ስፋት የሚለካው በራሱ አካል ነው። ሴቷ መጥታ ውስጡን ትመረምራለች። ካልወደደችውና ቅጠሉ ከጠወለገ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

እኔም ከሸምበቆ ክብ አበጅቼ መካከሉ እቆምና እጄ እስከሚደርስበት እቋጥራለሁ። የእናቴን ቤት የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው። ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሷል። በሩንና መደቡ የነበረበትን ጥግ በልካቸው ከመረብና ከጥጥ ክር አበጀኋቸው። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሊያዩት መጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ አጎንብሰው ገቡ። ጉበኑ ክር ነው፤ ራሳቸውን ቢነካቸውም አይጎዳቸውም። ግን ያ በር ዝቅተኛ እንደነበር ወገባቸው አልረሳም። ገብተው ጥቂት ቆሙና "ምድጃው እዚህ ነበር፣ አይደል ልጄ?" ብለው ባዶውን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ። ምድጃ አልሠራሁም፤ ቦታውን ብቻ ትቼለት ነበር። ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ክር ይህን ለማንም አያደርግም።

በዓለም ላይ ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከወደብ የተጣለ ገመድ እየሰበሰበች፣ እየፈታችና ቀለም ውስጥ እየነከረች፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ግዙፍ ሥራዎችን ሸምናለች፤ ሥራዎቹም በስሟ "አባካን" ተባሉ። ኮሪያዊው ዶ ሆ ሱ የኖረባቸውን ቤቶች ብርሃን በሚያሳልፍ ጨርቅ በትክክለኛ መጠናቸው ይሰፋል፤ የበር እጀታና የመብራት ማብሪያ እንኳ አይቀረውም። በአገራችንም ኤልያስ ስሜ በመርፌና በክር ሸራ ላይ እየሰፋ፣ ኋላም የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ ሥራውን ለዓለም አሳይቷል።

ባሕር ዳርም ባለሙያ አላጣችም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞባታል፤ ዩኒቨርሲቲዋ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል አስረው ሰው የሚሸከም ታንኳ ያወጣሉ። ይህን እጅ ከተማሪዎቹ ጋር የሚያገናኝ ሰው ብናገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ተማሪዎቹ ከደንገል አሳሪዎች አጠገብ ቢቀመጡ፣ ስለ ውጥረትና ስለ ቋጠሮ በመጽሐፍ የማያገኙትን ይማራሉ።

አዳራሽ ያላችሁ ተቋማት ሁሉ፣ ልመናዬ ቀላል ነው፤ ከጣሪያችሁ ክብደት የሚችል መንጠቆ አብጁልን፣ ሰው ዙሪያውን የሚዞርበት ቦታም ተዉልን። የሠራውን ሰው ሳትጠይቁ ሥራውን አትስቀሉ። እናንተም ጋዜጠኛ ላኩ፤ የእናቴ ቤት ጓሮዬ ባለው ዳስ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሊያየው ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ የፈትል ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር